ሌባ ጣት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሳሙኤል ጋራዥ በር ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ ጠብ ተነሣ። ጋራዥ ስል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ሚኒባሶቹ ከሚዞሩበት ፊት ለፊት ያለች፣ ግማሹ ሥራ ደጅ ላይ የሚሠራባት የቆርቆሮ ቤት ናት። አንድ የሚኒባስ ሾፌር መጣና የሞተሩን ክዳን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ። ጫፉ ላይ ያለውን ዘይት በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አሽቶ ሳሙኤል አፍንጫ ሥር ወስዶ አሳየው።

«ሞኝ አደረግኸኝ? ትናንት ነው የቀየርከው፤ ዛሬ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። አሮጌ ነው የሞላህብኝ።»

«ወንድሜ፣ የናፍጣ ሞተር ነው» አለው ሳሙኤል። «አዲስም ዘይት ቢሆን አንድ ቀን ከሠራ ይጠቁራል። የጠቆረ ሁሉ አሮጌ አይደለም።»

«ወፍራሙን አድርግልኝ ብዬህ ነበር፤ ቀጭን አደረግህ። ከመስመሩ አሳልፈህ ሙላልኝ አልኩህ፤ እምቢ አልክ። አሁን ገባኝ፤ የተረፈውን ልትሸጥ ነው።»

«የወፈረ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ከመስመሩ ካለፈም ሞተሩ አረፋ ያደርገዋል እንጂ አይጠቀምበትም። ስንቴ ልንገርህ?»

ሾፌሩ ይህን ሁሉ አልሰማም። «ሌባ» አለው።

እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቶሎ አልነሣም፤ ጉልበቴ ይለመናል። የዚያን ዕለት ግን እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። በትሬን ይዤ ሾፌሩ ፊት ቆምኩና «ያን አፍህን ዝጋ» አልኩት። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ደነገጠ።

«ይቅርታ እማማ። ግን እርስዎ ስለ ሞተር ዘይት ምን ያውቃሉ?»

«አንድ ሞተር ገድያለሁ» አልኩት።

በጋራዡ ደጅ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ሳሙኤልም አብሮ ሳቀ። እኔ ግን የቀልድ ሰው አይደለሁም፤ የገደልኩትንም ሞተር እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። የገደልኩት ለወንድሜ ለዘርጋ ነው።

ጣልያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ኮልፌ ግማሹ ሰፈር፣ ግማሹ እርሻ ነበር። ከገበያው አለፍ ሲሉ የገብስና የኑግ ማሳ ይጀምራል፤ በመስከረም ኑጉ ሲያብብ ዳገቱ ሁሉ ቢጫ ይሆናል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ወደ ቀራንዮ የሚወስደው መንገድ እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። አባቴ ንዳ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር በእግሩ መጥቶ እዚያ ሰፈር ተተከለ። ሥራው ኑግ ጨምቆ ዘይት መሸጥ ነበር። እናታችን በልጅነታችን ስለሞተች ኑጉን የምቆላው፣ የምወቅጠው፣ በሙቅ ውሃ የማሸው እኔ ነበርኩ። አባቴ በእንጨት መጭመቂያው ተጭኖ ዘይቱን ያወጣል፤ የቀረውን ፋጉሎ ላም ያላቸው ሰዎች ይወስዱታል። ልብሳችንም ጸጉራችንም የተቆላ ኑግ ይሸታል። ዛሬም ያ ሽታ በመንገድ ቢያገኘኝ ቆሜ እቀራለሁ።

አባቴ ዘይት አዋቂ ይባል ነበር። ዘይት በዓይን አይታመንም ይላል። ጠብታዋን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሽቶ፣ አሽትቶ፣ አዲስ ነው፣ ከርሟል፣ ተጠብሶበታል፣ ውሃ ገብቶበታል ብሎ ይፈርዳል። ነጋዴዎች ሲጣሉ እሱ ዘንድ ይመጣሉ። «ጣቴ አይዋሽም» ይል ነበር፤ እውነትም ሲሳሳት አይቼው አላውቅም።

ዘርጋ ታላቄ ነው። የዘይት መጭመቂያው አልጥመው ብሎ ከካሚዮን ጋር ፍቅር ያዘው። ጣልያኖቹ መንገድ የሚያሠሩበት የካሚዮን ግቢ ተቀጥሮ ግራሶ ይቀባል፣ ጎማ ይፈታል፣ የሞተር ዘይት ይቀይራል። ማታ ቆጮና ጎመን ከፊቱ ሲቀርብ እጁን ሲፈትግ ይቆያል፤ አይለቅለትም። አባቴ ይስቅበታል። «የእኔ ዘይት እጅ ያወዛል፣ ያንተ እጅ ያጠቁራል» ይለዋል። ዘርጋም ይስቃል። በቤታችን ስለ ዘይት የነበረው ክርክር ይኸው ነበር፤ ማንም አልተጎዳበትም።

የግቢው አለቃ የነበረውን ጣልያን ስሙን ዛሬም አላውቀውም፤ ማወቅም አልፈልግም። ሰፈሩ ሲኞር ጉሎ ይለው ነበር። ጉሎ እኛ ቆዳ የምናለሰልስበት ነው፤ ጥቂቱ ሆድ ያስሄዳል፣ ብዙው ሰው ይገድላል። ይህ ሰው ያጠፋ ሠራተኛ በጅራፍ አይገርፍም። የጉሎ ዘይት በቆርቆሮ አስቀድቶ በሰው ፊት ያጠጣዋል፣ ሆዱ እስኪፈታም አይለቀውም። ቅጣቱን ከአገራቸው ይዘውት መጡ አሉ። ከአማርኛ የሚያውቃት ቃል አንዲት ናት፤ «ጠጣ» የምትለዋ።

ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። በጾም ዘይት ስለሚፈለግ ገበያው ሞቅ ብሏል። አባቴ እንስራዎቹን ደርድሮ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ለገዢ እሰፍራለሁ። የሲኞር ጉሎ አስተርጓሚ ጥቁር ዘይት በኩባያ ይዞ መጣ። የእኛው አገር ሰው ነው። ጣልያኑ ራቅ ብሎ ካሚዮኑን ተደግፏል።

«ጋሽ ንዳ፣ ዘይት አዋቂ ነዎት ይባላል» አለው።

«ሰዎች ይላሉ።»

«እስቲ ይህን ይዩልን። አዲስ ነው አሮጌ?»

አባቴ ሲያከብሩት ይወዳል። ድክመቱ ይቺ ናት። ኩባያውን ተቀብሎ ሁለት ጣቱን ነከረ፣ አሸ፣ አሸተተ፣ ፊቱን አጨፈገገ።

«ይሄማ ያረጀ ነው። ስንት ጊዜ ተቃጥሏል!»

«ትናንት የተሞላ አዲስ ነው የሚል ሰው አለ።»

«ይዋሻል።»

«አዲሱን ታዲያ የት አደረሰው ይላሉ?»

«ሸጦታላ» አለ አባቴ። «ሌባ ነዋ።»

አስተርጓሚው ዞር ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። ያን ጊዜ ዘርጋን እጁን የፊጥኝ ታስሮ ከካሚዮኑ ላይ አወረዱት። አባቴ ኩባያውን እንደያዘ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘርጋ በዋዜማው የካሚዮኑን ዘይት ቀይሮ አዲስ ሞልቷል። ጠዋት ሲኞር ጉሎ ዘንጉን ቢመዝ ጠቁሮ አገኘው፤ አዲሱን ሰርቀህ አሮጌውን መለስክበት አለው። ዘርጋ ዘይት በሞተር ውስጥ ይጠቁራል ብሎ ቢያስረዳ አልሰማውም። እንግዲያው የራሳችሁ ዘይት አዋቂ ይፍረድ ብሎ ወደ ገበያ ይዞት መጣ። አዋቂው የዘርጋ አባት መሆኑን ጣልያኑ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? አስተርጓሚው ግን ያውቃል።

«አባዬ፣ ትናንት ነው የቀየርኩት!» ብሎ ዘርጋ ጮኸ። አባቴ ጣቶቹን ደግሞ አሸተተ። ወታደሮች ጭንቅላቱን ይዘው አፉን ከፈቱት። «ጠጣ» አለ ሲኞር ጉሎ። የሆነው በገበያው መካከል፣ ትናንት ሰላም ያሉት ሴቶችና ልጃገረዶች እያዩት ነው። ከዚያ በላይ አልናገርም። ወንድሜ የክት ልብሱን ጭቃ እንዳይነካው ሱሪውን ሰብስቦ የሚራመድ ንጹሕ ሰው ነበር።

ቤት አስገብቼ አጠብኩት፤ ልብሱንም ደጅ አውጥቼ በገንዳ ማጠብ ጀመርኩ። በሩ ክፍት ስለነበር ከመደቡ ላይ ያየኛል።

«አስካለ» አለኝ። «ያን ውሃ አሁን ነው ከምንጭ የቀዳሽው?»

«አሁን ነው።»

«ምን መሰለ ታዲያ?»

«ቆሸሸ።»

«አሮጌ ውሃ ነው በያ።»

ልብሱን ጨመቅሁት። «ዘይትም እንደዚያው ነው» አለኝ። «የሞተሩን ጥቀርሻ ሲያጥብ ነው የሚጠቁረው። ሳይቆሽሽ የቀረ ውሃ ምንም አላጠበም። ለአባዬ ንገሪው።»

ለአባቴ ነገርኩት። ጓሮ መጭመቂያው ላይ ተቀምጦ ነበር። «ውሃ ሌላ፣ ዘይት ሌላ» አለኝ። «አርባ ዘመን ዘይት ያሸሁ ሰው ነኝ። ጣቴ አይዋሽም።» ልጁ ወደተኛበት ቤት አልገባም። ሌባ አላሳደግሁም ይላል፤ ደግሞ ማታ ማታ ግድግዳውን ተደግፎ ሲያለቅስ እሰማዋለሁ። የዘርጋ ሆድ አልያዝ አለ፤ ያጠጣሁትን ውሃ እንኳ አያስቀርም። ፋሲካን ሳያይ ሞተ።

አባቴ በቀብሩ ላይ እንደማንኛውም አባት ደረቱን መታ። ልጄ አለ፣ ጋሻዬ አለ። እኔ የምጠብቀው አንድ ቃል ነበር፤ «አልሰረቀም» የሚል። አላለም። ከዚያ ወዲህ ውሃ ስወርድ «የዚያ የዘይት ሌባ እህት» ሲሉ እሰማለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ግን ቂሜን ይዤ ጸለይኩ፤ የምጸልየውም ስለ ቂሜ ነበር። አምላኬን ያ ሰው እጄ ላይ ይውደቅ አልኩት።

ክረምቱ ወጣ፤ ጣልያን ከእንግሊዝ ጋር ተዋጋ ተባለ፤ የባሕሩ በር ተዘጋ። ዕቃ ጠፋ፤ በጋው ሲጋመስ የሞተር ዘይትም አለቀ። አንድ ቀን አስተርጓሚው ቤታችን መጣ። ሲኞሩ ለካሚዮናቸው የጉሎ ዘይት ይፈልጋሉ፤ በአገራቸው የእሽቅድምድም መኪና በጉሎ ይሄዳል፣ ጨምቃችሁ አቅርቡ አለን። ወንድሜን የገደሉበትን ዘይት በእጃችን እንድናወጣላቸው ነው።

«አሸዋ እጨምርበታለሁ» አልኩት ለአባቴ።

«ከዚህ ቤት የተበላሸ ዘይት ወጥቶ አያውቅም፤ አይወጣምም» አለኝ።

ጠላሁት። የምናገረው እውነቱን ነው፤ አባቴን ከሲኞር ጉሎ ባላነሰ ጠላሁት። ጉሎውን ቆልተን፣ ወቅጠን፣ ቀቅለን፣ የተንሳፈፈውን ገፈፍን። አባቴ በጨርቅ እየደጋገመ አጠለለው፤ እንደ ማር ወለላ ጠርቶ ወጣ። አሽቶት ራሱን ነቀነቀ። ወሰዱት።

በማግስቱ ሲኞር ጉሎ ራሱ ግቢያችን ገባ። ፊቱ ቀልቷል፤ የመለኪያውን ዘንግ እንደ ጦር ይዞታል።

«አሮጌ ዘይት ሰጣችሁኝ ይላሉ» አለ አስተርጓሚው። «ይኸው ጠቁሯል። አዲሱን የት አደረሳችሁት?»

አባቴ ዘንጉን ተቀበለ። ጠብታውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሸው፤ አሸተተው፤ እንደገና አሸው። ከአንድ ቀን በፊት በገዛ እጁ ያጠለለው ዘይት ነው። ጣቱ ግን አሮጌ ነው አለው። ፊቱን ሳየው ሁሉ ነገር እንደገባው አወቅሁ። ጣልያኑ በርግጫ መትቶ ጣለው፤ አባቴ የተመታም አልመሰለው። ሲኞር ጉሎ የዚያን ቀን አላጠጣውም። ጉሎውን ለሞተሩ ስለሚፈልገው ለአባቴ ሆድ ሳሳበት። ሌላ፣ ከዚህ የወፈረና የተሻለ አምጡ ብሎ ሄደ።

አባቴ ከወደቀበት ሳይነሣ ሌባ ጣቱን ወደ እኔ አነሣው።

«አስካለ፣ ሌባው ይኸውልሽ» አለኝ።

ላጽናናው አልፈለግሁም። «ለሰው ንገር» አልኩት። «ገበያ ወጥተህ አልሰረቀም በል።»

«እኔ ብናገር አባት ነው፣ ምን ይበል ይሉኛል። በሕዝብ ፊት ሌባ ያስባለው ያ ሰው ነው፤ በዚያው ሕዝብ ፊት ስድቡን የሚያነሣለትም እሱ ነው።» ቀጥሎም «ካሚዮኑ ሲከዳው እጃችን ላይ ይወድቃል፤ ኑጉን አምጪ» አለ።

ኑግ ለወጥ እንጂ ለሞተር አይሆንም። ዘይት ያለበት ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ የኑግ እንስራ አፉ ላይ የቀረው ዘይት እየሰነበተ ሙጫ ይሆናል፣ በአመድም በአሸዋም አይለቅም። እሳት ሲያገኘው ይብሳል። አባቴ የኑጉን ዘይት ጥዶ እንደ ጉሎ እስኪወፍር አንተከተከው። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ እኔ እንጨት እየጨመርኩ አነድዳለሁ። ሲበርድ በጥቂት ጉሎ ለወሰው። መልኩም ውፍረቱም ጉሎ ነው። ለወራት በደንብ ያልተነጋገርን ሰዎች ያን ዕለት አጠገብ ለአጠገብ ሠራን። አባቴ በዕድሜው ሙሉ ያበላሸው ዘይት እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ያበላሸው በጥንቃቄ ነው።

ሲኞር ጉሎ መጥቶ በጣቱ አሸው። እንደ አባቴ ጣት የሱም ጣት ተሳሳተች። መወፈሩን አይቶ «ቤኔ፣ ቤኔ» አለ፤ በቋንቋው ጥሩ ነው ማለቱ ነው። የወፈረ ዘይት ሁሉ ጥሩ ይመስለዋል። ሲበዛም ይጠቅማል ብሎ ከመስመሩ አሳልፎ አስሞላው። ዘርጋ ቢኖር አይሆንም ይለው ነበር።

ሁዳዴ እንደገና ገባ። አርበኞቹና እንግሊዞቹ ወደ ከተማው ቀረቡ ተባለ። አንድ ጠዋት ሲኞር ጉሎ አልጋውንም፣ ወንበሩንም፣ የዘረፈውንም በካሚዮኑ ጭኖ ወደ ምዕራብ ሊሸሽ ተነሣ። ከገበያው ጥቂት አለፍ ብላ ያለችውን ዳገት ሲጀምር ሞተሩ አቃሰተ፣ ጮኸ፣ አጨሰ፣ ቆመ። ጭሱ የተቃጠለ ኑግ ይሸታል። ከቤቴ ሆኜ ሽታውን አወቅሁት፤ ጉሎ የቀረበትን እንስራ አዝዬ ሮጥኩ።

ስደርስ ክዳኑን ከፍቶ ከዘንጉ ጋር ይታገላል። በስንት ጉተታ ሲወጣ ሙጫው ተንጠልጥሎ ተከተለው። ወታደሮቹ ጥለውት ጠፍተዋል። ገበያተኛው ግን ሥራውን ትቶ ከቦታል፤ ዘርጋን ያዩት ሰዎች ናቸው። አስተርጓሚው ከዚያ አልጠፋም። ትናንት ለሱ እንደተረጎመ ዛሬ በዚያው ትጋት ለእኛ ሊተረጉም ተዘጋጅቶ ቆሟል።

አባቴ ሰዉን ከፍሎ ገባ።

«ንገረው» አለ። «ልጄ ዘይቱን አልሰረቀም። በዚህ ሕዝብ ፊት በአፉ ይበል።»

ተተረጎመለት። ሲኞር ጉሎ እጆቹን አንሥቶ አስተርጓሚው ያለውን በአማርኛ ደገመ። «አልሰረቀም፣ አልሰረቀም፣ አልሰረቀም።» ቶሎ ቶሎ ይለዋል፤ ሌላም በሉኝ ቢሉት ይላል። ከዚያ ወደ አስተርጓሚው ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ምን አለ?» አለ አባቴ።

አስተርጓሚው አፈረ። «የትኛው ነው ልጃቸው ይላል።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል እሰማ ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ያን ቀን ነው። ያን ያህል ሰው አጠጥቷል፤ የእኛን ከሌላው መለየት አልቻለም። አባቴ ያን ሁሉ ጊዜ ሲጠብቃት የነበረችው ቃል ለማን እንደተባለች የማያውቅ ሰው ተናገራት። እጁ ወረደ፤ ካሚዮኑ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ።

የእኔ እጅ አልወረደም። እንስራውን አውርጄ ጉሎውን በቅል ቀዳሁና አፉ ላይ ደገንኩት።

«ጠጣ» አልኩት።

ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። አየኝ፣ ዙሪያውን አየ፣ ጠጣ። ደግሜ ቀዳሁ። አስተርጓሚው «ይበቃዋል እህቴ» ቢለኝ ለአንተም አለልህ አልኩት፤ ወደ ኋላ ሸሸ። ከሰዉ ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልከለከለኝም። አርበኞች መጥተው ሲወስዱት ዘርጋ እንደሆነው ሆኖ፣ በዚያው ገበያ መካከል አልፎ ሄደ። አልገደሉትም አሉ። ምርኮኞቹ ኋላ አገራቸው ተመልሰዋል ስለተባለ እሱም ገብቶ ይሆናል። ይግባ። በሕይወት ኖሮ እንዲያስታውሰኝ ነው የምፈልገው።

ይህን ሁሉ ለሳሙኤል ስነግረው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝ። ሾፌሩም ሳይሄድ ሰማ፤ ሳሙኤልንም ይቅርታ ጠየቀው። ከልቡ ይሁን የእኔን በትር ፈርቶ አላውቅም።

«ታዲያ እማማ፣ ልብዎ አረፈ?» አለኝ ሳሙኤል።

ከጣልያኑ በኩል አርፏል። ይቅር በይ የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ የንስሐ አባቴም በየጾሙ ይሉኝ ነበር፣ ኋላ እሳቸውም ደከማቸው። ስለ እሱ አንድም ቀን አልተጸጸትኩም። ያን ቅል ዛሬ ብትሰጡኝ እንደገና እቀዳለሁ።

ነገር ግን ወንድሜን ጣልያኑ አጠጣው እንጂ በሕዝብ ፊት ሌባ ያለው ጣልያኑ አልነበረም። ያቺ ቃል በአማርኛ ነው የተባለችው፣ ከእኔ አጠገብ፣ ከምወደው ሰው አፍ። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። ዘይት ፍረድልን ብለው ሲመጡ «አላውቅም» ይላቸዋል። በመጨረሻ እጁ እየተንቀጠቀጠ እህል ወደ አፉ ማድረስ አቃተው። ያን ቃል ያወጣውን አፍ እኔው በእጄ እያጎረስኩ እስኪሞት ጦርኩት፤ አንድም ቀን አላነሣሁበትም፣ አንድም ቀን ይቅር አላልኩትም።